ራዳር የባሕርን ጅረት እንዴት ያሰላል?

በድሬዳዋው መጋላ ገበያ ላይ ከሚዘረጋው ሸቀጥ ብዙው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የከተማዋ ንግድ ከዚያ ወደብ ጋር ተሳስሯል። ከወደቡ ባሻገር ደግሞ ውሃው ራሱ ይጓዛል፤ የሶማሊያ ጅረት በእኛ ክረምት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይፈስሳል። መርከብ ይህን ካላወቀ ነዳጁ ይባክናል፣ ከመሥመሩም ይወጣል።

ጅረት በዓይን አይታይም፤ ተሸክሞት የሚሄደው ማዕበል ግን ይታያል። የመርከብ ራዳር ዋና ሥራው ሌሎች መርከቦችን መፈለግ ስለሆነ፣ ከማዕበል የሚመለስለት ምልክት እንደ ረብሻ ይቆጠር ነበር። ያንግ፣ ሮዘንታልና ዚመር የተባሉ ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ከዚሁ ረብሻ ጅረትን ማስላት እንደሚቻል አሳዩ።

አንቴናው በዞረ ቁጥር አንድ ምስል ይገኛል። ኮምፒውተሩ በተከታታይ የተነሡ በርካታ ምስሎችን ይዞ የእያንዳንዱን ማዕበል ርዝመት፣ አቅጣጫና ፍጥነት ይለያል። ጥልቅ ውሃ ላይ የማዕበል ፍጥነት በርዝመቱ ይወሰናል፤ 100 ሜትር የሚረዝም ማዕበል በሰከንድ 12.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ምስሉ ላይ በሰከንድ 13.5 ሜትር ሲሄድ ከታየ፣ ትርፉን 1 ሜትር የጨመረለት ጅረቱ ነው።

አንድ ማዕበል ብቻውን ስለራሱ አቅጣጫ እንጂ ስለ ሙሉው ጅረት አይናገርም። ስለዚህ የኮምፒውተሩ አልጎሪዝም ብዙ ማዕበሎችን ያሰባስባል፤ የጅረቱን ፍጥነትና አቅጣጫ ይገምታል፤ ግምቱ ከታየው ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ ስሕተቱ ከሁሉ ያነሰበትን መልስም ይመርጣል። መጀመሪያ ጎልተው የታዩትን ማዕበሎች ብቻ ይዞ ያሰላል፤ ባገኘው መልስ እየተመራ ደካሞቹን ከረብሻው ይለይና ስሌቱን ይደግማል። ነፋስ በሌለበት ቀን ግን የውሃው ገጽ ስለሚለሰልስ ራዳሩ የሚያነበው ነገር አያገኝም።

ውሃን ሳይነኩ መለካት ለመጋላ ከሸቀጥም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። መጋላንና ከዚራ የተባለውን ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እንዲህ ባለ ጎርፍ ውስጥ የተተከለ መለኪያ አብሮ ይጠረጋል። በሌሎች አገሮች ድልድይ ሥር የሚሰቀሉ ትንንሽ ራዳሮች፣ ስሌታቸው ከባሕሩ የቀለለ ቢሆንም፣ የወንዝን ገጽ ፍጥነት በጨለማም ከላይ ሆነው ይለካሉ። ደቻቱ ወደሚነሣበት ደጋ ጠጋ ብሎ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢተከል፣ ጎርፉ ከተማ ሳይገባ ሰው ለመቀስቀስ ጊዜ ይገኛል። ለድሬዳዋ ከዚህ የሚቀድም የራዳር ሥራ የለም።