ራስ ምታቱንም ንገሩ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ከዚያ የኮምቦልቻ መናኸሪያ ድምፅ፤ ረዳቶች «ደሴ! ደሴ!» እያሉ ይጣራሉ።)

ተራኪ፦ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ጠመዝማዛውን ዳገት ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ሕመሙ የዓይን ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደሴ ላይ አያበቃም፤ ወደ ቦሩ ሜዳ ይቀጥላል። ቦሩ ሜዳ በታሪክ የምትታወቀው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት ጉባኤ ነው። የወሎ ሰው ግን ይበልጥ የሚያነሳት በሆስፒታሏ ነው፤ ቀድሞ የሥጋ ደዌ መታከሚያ ነበር፣ ዛሬ በዓይን ሕክምና ስሙ ይነሳል።

እዚያ ወረፋ የሚይዘው አብዛኛው ሰው ሕመሙ የታወቀ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ግማሽ ለሚሆኑት ምክንያቱ የዓይን ሞራ ነበር፤ ለ11.5 በመቶዎቹ ደግሞ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ። የዛሬው ዝግጅታችን በዚያ ወረፋ መካከል ከስንት አንዴ ብቻ ስለሚገኝ ሕመም ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል።)

ተራኪ፦ ስሙ ቮግት–ኮያናጊ–ሃራዳ ይባላል። ስሙ የሦስት ሐኪሞች ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቮግት በ1906 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓናውያኑ ኤይኖሱኬ ሃራዳ በ1926፣ ዮሺዞ ኮያናጊ በ1929 እያንዳንዳቸው ያዩትን ጻፉ። የጻፉት ስለ አንድ በሽታ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።

ለቆዳ፣ ለጸጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳት አሉ። እነዚሁ ሕዋሳት በውስጠኛው ጆሮና በአንጎል ሽፋን ላይም ይገኛሉ። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ኃይል፣ ቤት ሊጠብቅ ተቀጥሮ ባለቤቱን እንደሚደበድብ ዘበኛ፣ በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ይነሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሌላው ይልቅ የሚበዛው ከ20 እስከ 50 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ነው።

አጀማመሩ የዓይን ሕመም አይመስልም። ራስ ይፈልጣል፣ ያተኩሳል፣ አንገት ይደርቃል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ የራስ ቆዳ ሲነካ ያማል። ጎረቤት «ምች ነው» ይላል፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ተጨምቆም ይጠጣል። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ሁለቱም ዓይኖች ይደበዝዛሉ፤ በሬቲና ሥር ፈሳሽ ይቋጠራልና። ከወራት በኋላ ሽፋሽፍትና ቅንድብ ይነጣሉ፣ ቆዳ ላይ ነጫጭ ምልክት ይወጣል። ያኔ ደግሞ «ለምጽ ነው» ተብሎ ሰው መሸሽ ይጀምራል።

(አጭር ፋታ።)

ተራኪ፦ ሕመሙን አስቸጋሪ የሚያደርገው እያንዳንዱ ምልክት የተለያየ በር ማንኳኳቱ ነው። ራስ ምታቱ ለጤና ጣቢያ ይነገራል፤ የጆሮው ጩኸት «ይተወኛል» ተብሎ ይታለፋል፤ ለዓይኑ ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛል፤ ለነጣው ቆዳ ጠበል ወይም ዱዓ ይፈለጋል። ሁሉንም በአንድ ላይ የሰማ ሰው የለም።

በሽታውን ለይቶ የሚናገር የደም ምርመራም የለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መለያ ሐኪሙ ዓይንን በመሣሪያ እንዲያይ ያዛል፤ እንዲጠይቅም ያዛል። የታመሙት ሁለቱም ዓይኖች ናቸው? ራስ ምታት ወይም የጆሮ ጩኸት ነበር? ጸጉር ወይም ቆዳ ነጥቷል? ከዚህ በፊት ዓይን በሹል ነገር ተወግቷል ወይስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል? የመጨረሻው ጥያቄ ምክንያት አለው። አንዱ ዓይን ሲወጋ፣ ቆይቶ ሌላኛውም ተከትሎት ሊታመም ይችላል፤ መልኩም ከዚህ በሽታ ጋር ይመሳሰላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሆስፒታሏ የተዘረፈባት ደሴ፣ መሣሪያ በአንድ ሰሞን ሊጠፋ እንደሚችል ታውቃለች። ሐኪሙ የሚፈልገው መልስ ግማሹ ግን ታማሚው አፍ ላይ ነው።

(ሙዚቃ።)

ተራኪ፦ ሕክምናው አለ፤ የሚዘገይ ከሆነ ግን ብዙ ያስከፍላል። አስቀድሞ የሳንባ ነቀርሳና የቂጥኝ ምርመራ ይደረጋል። እነዚህ በሽታዎችም ዓይንን ያቃጥላሉ፣ የዚህ ሕመም መድኃኒትም ሊያባብሳቸው ይችላል። ከዚያ የተለመደው ፕሬድኒሶሎን የተባለው ክኒን ነው፤ ብዙ ጊዜ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ሂሳብ ይጀመራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ በባለ 5 ሚሊ ግራሙ ክኒን ሲሰላ፣ በቀን 12 ክኒን ማለት ነው። ይህ መጠን ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ቢያንስ 6 ወር ይዘልቃል። ካልበቃ አዛታዮፕሪን ወይም ሜቶትሬክሴት ሊታከል ይችላል፤ ለዚህም አንዳንዱ ሪፈር ተጽፎለት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይደርሳል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ዓይኑ ሲሻለው ነው። በሳምንታት ውስጥ ብርሃን ይመለሳል፤ በክኒኑ ምክንያት ግን ፊት ያብጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ የትራንስፖርቱም ወጪ ይከብዳል። «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ማቋረጥ የሚመጣው ያኔ ነው። በድንገት ማቆም ለሰውነትም አደገኛ ነው፣ በሽታውንም ይቀሰቅሳል። ሲያገረሽ ደግሞ ሞራና ግላኮማ አስከትሎ ይመጣል። ክኒኑ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ማማከር ያሻል። ጠበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ክኒኑን አያስቆምም።

አድማጮቻችን፣ ከራስ ምታትና ከጆሮ ጩኸት በኋላ ሁለቱም ዓይኖቻችሁ ከደበዘዙ፣ ለሳምንት ቀጠሮ አትያዙ፤ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ፈልጉ። ስትገቡም «ዓይኔን አመመኝ» ብላችሁ አታብቁ። ራስ ምታቱ መቼ እንደጀመረ፣ ጆሯችሁ ይጮህ እንደነበር፣ የትኛውን ጠብታ እንደተጠቀማችሁ በቅደም ተከተል ተናገሩ። የታዘዘላችሁን ወረቀት ሁሉ በአንድ ክላሴር አስቀምጡ፤ ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ሕክምናውን የሚቀጥለው ከዚያ ነውና።

(የመዝጊያ ሙዚቃ።)