መላምት አድጎ ሕግ ይሆናልን?

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎቻችንን የሳይንስ ሕግ ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ የተረጋገጠ ንድፈ ሐሳብ ነው የሚል መልስ እንሰማለን። መላምት አድጎ ንድፈ ሐሳብ፣ ንድፈ ሐሳብም ተሹሞ ሕግ የሚሆን ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የኒውተን የስበት ሕግ ሁለት አካላት በምን ያህል ኃይል እንደሚሳሳቡ በቀመር ይነግረናል፤ ለምን እንደሚሳሳቡ ግን አይገልጽም። ዩራነስ ከሕጉ ስሌት ወጣ ብላ ስትገኝ፣ ፈረንሳዊው ለቬሪየ ገና ያልታየች ፕላኔት ትስባታለች የሚል መላምት አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኔፕቱን እርሱ ካመለከተው ስፍራ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ተገኘች።

ሜርኩሪም ታስቸግር ነበር፤ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርብበት ነጥብ በየመቶ ዓመቱ ከስሌቱ 43 የአርክ ሰከንድ ያህል አልፎ ይገኛል (አንድ ዲግሪ 3600 የአርክ ሰከንድ ነው)። ለቬሪየ በ1859 ያንኑ ዓይነት መላምት ደገመ፤ ለታሰበችው ፕላኔትም ቩልካን የሚል ስም ወጣላት። አየናት ያሉ እንኳ አልታጡም! ቩልካን ግን አልነበረችም።

ምክንያቱን የሰጠን በ1915 የአይንስታይን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ነው። ስበትን የኅዋና የጊዜ መጉበጥ አድርጎ ሲያስረዳ፣ 43ቱ የአርክ ሰከንድ ያለ አንዳች አዲስ ፕላኔት ከስሌቱ ወጣ። ታዲያ ይህ ገና ሕግ ለመሆን ያልበቃ ሐሳብ ነውን? የኒውተን ሕግ ራሱ፣ ስበቱ ደካማ ፍጥነቱም ዝቅተኛ በሆነበት ሁሉ፣ ከእርሱ ይገኛል።