መንገዱ በመጋዘን በኩል ነው

ባለፈው ሳምንት፣ የሥራ ሰዓት አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ሰርቪስ ሲሯሯጥ፣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ልቤ ደንገጥ አለ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ደህና ወሬ አይደለም። እሱ ግን ጥያቄ ነበር ያመጣው። «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉበት የፋይናንስ ኃላፊነት ቦታ ለመድረስ ከዚህ በኋላ ምን ልማር?» አለኝ። አራት ዓመት አብሮን ሠርቷል፤ ከዓለም አቀፉ የሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ፣ ከኤሲሲኤ፣ ፈተናዎች የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የወሩን ሒሳብ ከሁሉም ቀድሞ የሚዘጋ ልጅ ነው። «ፈተናህን ጨርስና እንነጋገራለን» ብዬ ሸኘሁት። መልሴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ልጁ ከልቡ ጠይቆኝ እኔ ከአንገት በላይ ነበር የመለስኩለት።

እኔ ከኮሜርስ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ የወጣሁት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቫውቸር ማዘጋጀት፣ ደረሰኝ መደርደር፣ በወር መጨረሻ የባንኩን መግለጫ ከእኛ መዝገብ ጋር ማስታረቅ ነበር። ዲግሪዬን በማታ ጨረስኩ። ያን ጊዜ የዕድገቱ መሰላል ለሁላችንም ግልጽ ነበር፦ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከፍተኛ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዋና ሒሳብ ሹም፣ የፋይናንስ ኃላፊ። ከላይ ያለው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲለቅ ከታች ያለው ከፍ ይላል። ስለዚህ እያንዳንዳችን የምንጠብቀው ሰው ነበረን፤ እሱ እስኪሄድ መዝገባችንን አሳምረን ይዘን እንቀመጣለን።

እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ የሰኔ 30 ቆጠራ ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ መጋዘኑ ይቆጠራል፤ ከሒሳብ ክፍል አንድ ሰው ሄዶ መፈረም አለበት፤ አቧራውን ማንም ስለማይፈልገው ወጣቱ ይላካል። ከቃሊቲ አለፍ ብሎ የነበረው መጋዘን በክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮው ይንጫጫ ነበር። ኩሽኔታውን፣ ፊልትሮውን፣ ፍሬን ሸራውን በየመደርደሪያው እየቆጠርን አንድ ጥግ ደረስን። በመዝገቤ ላይ ዋጋው ከፍ ካለው ዕቃ አንዱ እዚያ በካርቶን ተደርድሯል። ብዛቱ ከመዝገቡ ጋር አንድም ሳይጎድል ገጠመ። ደስ ብሎኝ ልፈርም ስል መጋዘን ኃላፊው የዕቃውን ገቢና ወጪ የሚይዘውን ቢን ካርድ ከሚስማሩ ላይ አውርደው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ቀሪውን አይተሃል። ቀኑንስ አየኸው?» አሉኝ። ከ«ወጪ» ዓምድ ላይ የመጨረሻው ቁጥር በእርሳስ የተጻፈው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ዕቃው ከገበያ ለወጣ የጭነት መኪና የመጣ ነው። በእኔ መዝገብ ሀብት ሆኖ የተቀመጠው እዚያ ጥግ ላይ የሞተ ገንዘብ ነበር። ለዚያ ገንዘብ ደግሞ በየወሩ ለባንክ ወለድ እንከፍላለን፤ ወለዱን በእጄ የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ ሁለቱን አገናኝቼ አይቼ ግን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን መዋል ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ወደ ጉምሩክ አስተላላፊው፣ ወደ ባንኩ የኤልሲ (የመተማመኛ ሰነድ) መስኮት፣ ወደ መርካቶ ደንበኞቻችን ሱቅ መሄድ አመጣሁ። ዕቃ ወደብ ላይ ሲቆይ በቀን ምን ያህል እንደሚበላ፣ በዱቤ የሚወስድ ነጋዴ ሊከፍል ሲል እንዴት እንደሚያወራና ላይከፍል ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ የተማርኩት እዚያ ነው። የቅርብ አለቃዬ ይህን አልወደዱትም። «የሒሳብ ሰው ቦታው ወንበሩ ነው» ይሉኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውን ያሳደጓቸው ሰዎችም እንዲሁ ነበር ያስተማሯቸው።

ልጁ መስማት የሚገባው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ማውራት ይከብደኛል። በሌላ ድርጅት ዋና ሒሳብ ሹም ሆኜ ስሠራ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የባንክ ኦቨርድራፍት ብድር እድሳት ነበረብን። ትርፉ ደካማ ነው። አለቃዬ ጠርተው የዓመቱን የመኪኖች ጥገና ወጪ ከወጪ አውጥቼ ቋሚ ንብረት ላይ እንድመዘግበው አዘዙኝ። ወጪ ንብረት ሲሆን ትርፍ ያብጣል። መዘገብኩት። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ በገዛ እጄ መዘገብኩት። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩና መልሼ ወደ ወጪ አዞርኩት፤ ለምን እንዳዞርኩትም በጽሑፍ አሳወቅኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ባለሁበት ቆምኩ፤ ከኋላዬ የመጡት አለፉኝ። በመጨረሻም ለቀቅኩ።

በአሜሪካው የስልክ ኩባንያ በወርልድኮም የሆነውን ዝርዝር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዘዴው ያው ነበር፤ ለሌሎች የስልክ ኩባንያዎች መስመር ኪራይ የሚከፈለው ወጪ እንደ ንብረት ተመዘገበ። በ2002 እ.ኤ.አ. የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ ሲንቲያ ኩፐርና ባልደረቦቿ በምሽት ሳይቀር መዝገብ እየፈተሹ መጀመሪያ ያወጡት 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የፋይናንስ ዋና ኃላፊው ስኮት ሱሊቫን የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የእሱ አይደለም፤ ታዘው መዝገቡ ላይ የጻፉት የመካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ሠራተኞችም ተከስሰው ጥፋተኛ መባላቸው ነው። እነሱም እንደ እኔ አለቃቸው ያዘዛቸውን የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ወደ ላይኛው ወንበር ስለሚያደርሰው መንገድ ስናወራ ስለ ፈተናና ስለ ልምድ ዓመታት እናወራለን። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ስለሚያሳጣው ወረቀት ግን ለወጣቶቻችን አንነግራቸውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያ ወረቀት ሳይመጣበት ያለፈ የፋይናንስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝምና።

በእኛ አገር የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ግዴታ ሲሆን መሰላላችን ተናወጠ። ለገቢዎች ብለን እናዘጋጅ የነበረው ሒሳብ ለባለሀብትና ለአበዳሪ እንዲናገር ተጠየቀ። የውጭ ሙያ ፈቃድ የያዙ ወጣቶች ተፈለጉ፤ ከኦዲት ድርጅቶችና ከባንኮች እየተሳቡ በቀጥታ ወደ ላይ ገቡ። መልካም ሆነ። ግን ድርጅቱን እንደ ጓዳቸው የሚያውቁ፣ የትኛው ደንበኛ በየትኛው ዓመት እንደካደ በቃላቸው የሚነግሩህ ነባር ሒሳብ ሹሞች በአንድ ጊዜ እንደ አሮጌ ዕቃ ጥግ ተደረጉ። አብረው እንዲሠሩ ቢደረግ ኖሮ ሁለቱም ይጠቀሙ ነበር። በሌላው ዓለምም ወደዚህ ወንበር የሚያመጣው መንገድ አንድ አይደለም፦ ኢንድራ ኑዪ ፔፕሲኮ የገባችው በስትራቴጂ ሥራ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ዋና ኃላፊ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች። በ2015 እ.ኤ.አ. ጉግል የፋይናንስ ኃላፊ ያደረጋት ሩት ፖራት ደግሞ ከሞርጋን ስታንሊ፣ ከኢንቨስትመንት ባንክ ዓለም የመጣች ናት። ሁለቱም ሥራቸውን የጀመሩት በመዝገብ ያዥነት አልነበረም።

የእነዚያ የመጋዘን ቅዳሜዎች ዋጋ የገባኝ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተለቀቀበት በዚያ ሰኞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ከሳምንታት በኋላ 100 ብርን አለፈ። አሁን በምሠራበት ፋብሪካ ዓመቱን ከዘጋን 22 ቀናችን ነበር። ለውጭ አቅራቢ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለብን፤ 57 ሚሊዮን ብር ብለን የዘጋነው ዕዳ በአንድ ቀን 17 ሚሊዮን ጨመረበት። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ትክክለኛውን ደንብ ወዲያው ነገሩኝ፤ ለውጡ ከመዝጊያው ቀን በኋላ የመጣ ስለሆነ የሰኔ 30 ቁጥር አይነካም፣ በማብራሪያ ይገለጻል። እውነት ነው። ቦርዱ ግን በማግሥቱ ሲሰበሰብ ስለ ማብራሪያው የጠየቀ አልነበረም። ሰብሳቢው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ደመወዝ እንከፍላለን ወይ? ፋብሪካው እስከ መቼ ይሠራል?»

መልሱ በእጄ ነበር፤ በሰኔ 30 ቆጠራ ራሴ መጋዘን ውዬ ነበርና። ለአራት ወር የሚበቃ ጥሬ ዕቃ በአሮጌው ዋጋ ገብቷል፤ ሁለት ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል፤ ከዱቤ ደንበኞቻችን የትኞቹ በዚህ ግርግር ውስጥ እንደሚከፍሉ፣ የትኞቹ እንደሚያሳብቡ አውቃለሁ። ከአቅራቢው ጋር የክፍያ ጊዜ እንድንደራደር፣ የሚሸጠውንም ምርት በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንድንሸጥ ተስማማን። በዚያ ስብሰባ ላይ በፊቴ ክፍት የነበረው የቆጠራው ወረቀት ነው፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫውን አልገለጥኩትም።

አሁን ደግሞ ሌላ በር ተከፍቷል። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ ሌሎችም ይከተላሉ። የነገው የፋይናንስ ኃላፊ ድርጅቱን አይቶት ለማያውቅ ባለአክሲዮን ቁጥሩን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ያ ባለአክሲዮን አክሲዮኑን የገዛው ምናልባት በጡረታ ገንዘቡ ነው።

ትናንት ልጁን ጠራሁት። የነገርኩት ከላይ የጻፍኩትን ነው፤ የጥገናውን ወጪ ታሪክም ሳልሸሽግ። ከዚያ ለስድስት ወር ወደ ግዥና መጋዘን ክፍል እንዲዛወር ሐሳብ አቀረብኩለት፤ ደመወዙ አይነካም፣ ፈተናውንም ጎን ለጎን ይቀጥላል። ፊቱ ተለዋወጠ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ዝቅ ያደረጉኝ ነው የሚመስላት» አለኝ። ልክ ነው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ መጋዘን መሄድ በእኛ አገር ቅጣት ነው የሚመስለው። ከፈለገ ቤታቸው መጥቼ ለእናቱ ራሴ እንደማስረዳ ነገርኩት። መልሱን እስከ ሰኞ አስብበታለሁ ብሎ ወጥቷል።