ሁለቱም ሃይብሪድ ከሆኑ ቤንዚን አይለያቸውም

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችን ሲገናኙ ከማይቀሩት ጨዋታዎች አንዱ የመኪና ምርጫ ነው። ፕሪየስ ይሻላል ካምሪ? ኮሮላ ሃይብሪድ ወይስ የሂዩንዳዩ ኤላንትራ? ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚቋጨው በአንድ ቁጥር ነው፤ መኪናው በአንድ ጋሎን ቤንዚን ስንት ማይል ይሄዳል በሚለው። ይህ ቁጥር ከተራ የቤንዚን መኪና ወደ ሃይብሪድ ለመሻገር ለሚያስብ ሰው ወሳኝ ነው። ከሁለት ሃይብሪዶች አንዱን ለመምረጥ ግን ደካማ መመዘኛ ነው።

በሒሳብ እንየው። በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሾፌር እንውሰድ፤ ለስሌት እንዲመች ቤንዚኑን ጋሎኑን በ3 ዶላር እንቁጠረው። በጋሎን 30 ማይል የሚሄድ ተራ መኪና ከያዘ በዓመት 4,000 ዶላር ለነዳጅ ያወጣል። በጋሎን 50 ማይል ወደሚሄደው ኮሮላ ሃይብሪድ ቢቀይር ወጪው 2,400 ዶላር ይሆናል፤ 1,600 ዶላር ኪሱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ከኮሮላው አልፎ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በጋሎን 57 ማይል የሰጠውን ፕሪየስ ቢገዛስ? ወጪው 2,105 ዶላር ገደማ ይሆናል። ተጨማሪው ቁጠባ 295 ዶላር ብቻ ነው። 51 ማይል በሚሄደው አዲሱ ካምሪና በፕሪየሱ መካከል ያለው ልዩነትማ በዓመት 250 ዶላር አይሞላም። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ቤተሰብ ደግሞ ልዩነቱ ወደ 75 ዶላር ይወርዳል፤ በወር ስድስት ዶላር ቢሆን ነው።

በጋሎን የሚኬደው ማይል እያደገ በሄደ ቁጥር በእያንዳንዱ ተጨማሪ ማይል የሚተርፈው ነዳጅ እያነሰ ይመጣል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ሸማቾች በጋሎን የሚኬደውን ማይል ሲያዩ የሚያተርፉትን ነዳጅ አዛብተው ይገምታሉ። ከ2013 ሞዴል ወዲህ በአዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት መኪናው ለ100 ማይል የሚፈጀውን ጋሎን ጭምር የሚጽፈው ለዚህ ነው። በዚህ መለኪያ ፕሪየሱ 1.8፣ ካምሪው 2.0 ጋሎን ይፈጃሉ። ለ100 ማይል የሚለያዩት በአንድ ጋሎን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ገዢው ግን ዓይኑን የሚጥለው ጎልቶ በተጻፈው የማይል ቁጥር ላይ ነው።

ነዳጅ ብቻውን ምርጫን እንደማይወስን የሃይብሪድ ገበያ ታሪክም ይመሰክራል። ቶዮታ ፕሪየስን በጃፓን መሸጥ የጀመረው በ1997 መጨረሻ ነው፤ አሜሪካ ገበያ ግን በ1999 ኢንሳይት በተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪናው የቀደመው ሆንዳ ነበር። በ2009 ሁለቱ ኩባንያዎች ፊት ለፊት ተገናኙ። ሆንዳ አዲሱን ኢንሳይት በ19,800 ዶላር አቀረበ፤ በጋሎን 41 ማይል ይሄዳል። ቶዮታ ሦስተኛውን ትውልድ ፕሪየስ በ22,000 ዶላር ይዞ መጣ፤ በጋሎን 50 ማይል። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው፣ በዚያው በ3 ዶላር ስሌት፣ ፕሪየስ የሚያተርፈው 160 ዶላር ገደማ ነበር። የ2,200 ዶላሩን የዋጋ ልዩነት ለመመለስ ወደ 14 ዓመት ይፈጃል። በዋጋና በነዳጅ ሒሳብ ብቻ ቢሆን ኢንሳይት ማሸነፍ ነበረበት። ገዢው ግን ሰፋ ያለውንና ጸጥ ያለውን ፕሪየስን መረጠ። ሆንዳም ያንን ኢንሳይት ከ2014 ሞዴል በኋላ ከአሜሪካ ገበያ አወጣው።

ታዲያ በምን እንምረጥ? የመጀመሪያው ወለድ ነው። 25,000 ዶላር ለአምስት ዓመት የተበደረ ሰው ወለዱ 5 በመቶ ከሆነ ጠቅላላ 28,307 ዶላር ይከፍላል፤ 9 በመቶ ከሆነ 31,138 ዶላር ገደማ። ልዩነቱ በዓመት ሲካፈል ከ560 ዶላር ይበልጣል፤ ብዙ የሚነዳው ሾፌር ከካምሪ ይልቅ ፕሪየስ በመያዝ በነዳጅ ከሚያተርፈው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ዲለሩ መኪናው ተፈላጊ ነው ብሎ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ 2,000 ዶላር ከጫነበት ደግሞ ያንን ገንዘብ በነዳጅ ለመመለስ 40,000 ማይል ለሚነዳው ሾፌር እንኳ ስምንት ዓመት ይወስድበታል። በማይሉ ብዛት ተማርኮ እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ሰው ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየም።

ሁለተኛው የምንነዳበት መንገድ ነው። ሃይብሪዶች አሠራራቸው አንድ አይደለም። ቶዮታ ሞተሩንና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችን በጥርስ ስብስብ አገናኝቶ ኃይሉን ይከፋፍላል፤ በኤላንትራ ሃይብሪድ ደግሞ ኃይሉ የሚያልፈው ባለ ስድስት ማርሽ በሆነ ካምቢዮ ነው። ውጤቱ በቁጥሮቹ ይታያል፤ ኮሮላ ሃይብሪድ ከተማ ውስጥ 53፣ ሀይዌይ ላይ 46 ማይል ሲሄድ፣ ብሉ የሚባለው የኤላንትራ ዓይነት ከተማ ውስጥ 51፣ ሀይዌይ ላይ 58 ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ በመሐል ዲሲ መብራት ላይ ለሚቆም ሾፌርና በሀይዌይ ወደ ደለስ ኤርፖርት ለሚመላለሰው መልሱ አንድ ሊሆን አይችልም። በአንድ ስም የሚጠሩትም እንኳ ይለያያሉ፤ ፕሪየስ ኤልኢ ባለ 17 ኢንች ጎማው 57 ማይል ሲሄድ፣ ባለ 19 ኢንች ጎማዎቹ ዓይነቶች 52 ናቸው።

ሦስተኛው ዋራንቲ ነው። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የሚሰጠው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ ቀድሞ የደረሰው ነው፤ የሂዩንዳይ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል። “10 ዓመት” የሚለው ለቤተሰብ መኪና እውነት ነው። በዓመት 40,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ግን የቶዮታው አራት ዓመት ሳይሞላው፣ የሂዩንዳዩ በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል። በዚያ ላይ ረጅሙን ዋራንቲያቸውን ለታክሲና ለዕቃ ማድረሻ ለሚውል መኪና የማይሰጡ አምራቾች አሉ፤ ከመፈረም በፊት ይህን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ ይገባል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው የባትሪውን ጤንነት ያስመርምር፤ በኋላ ወንበር በኩል ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር ማስገቢያ በአቧራ የተደፈነ ከሆነም ያስጸዳው። ባትሪ የሚጎዳው በሙቀት ነው።

አራተኛው የገቢው ወገን ነው። ኡበር ኮምፎርት ለእግር ሰፊ ቦታ ላላቸው መኪኖች የተሻለ ታሪፍ አለው፤ የትኞቹ እንደሚፈቀዱ ከመግዛት በፊት ማየት ያስፈልጋል። ሰፊው መኪና በሳምንት ጥቂት የተሻሉ ጉዞዎች ካስገኘ የነዳጁን ልዩነት ወዲያው ይሸፍነዋል። ታክስም አለ። ግብር ሰብሳቢው አይአርኤስ ለ2025 ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ እንዲቀነስ ፈቅዶ ነበር። ይህ ተመን በርካሽ ኮሮላም በውድ መኪናም አንድ ነው። በ2025ቱ ተመን 40,000 ማይል ለሥራ የነዳ ሰው በየትኛውም መኪና 28,000 ዶላር ይቀንሳል። ስለዚህ ማይሉን በዝቅተኛ ወጪ የጨረሰ ሾፌር ልዩነቱ ለራሱ ይቀርለታል።

እንግዲህ ለማነጻጸር የሚበቃው ስሌት ይህ ነው፦ ዲለሩ ክፍያና ታክሱን ጨምሮ በጽሑፍ የሚሰጠው የመጨረሻ ዋጋ፣ የአምስት ዓመት ወለድ፣ ኢንሹራንስና ነዳጅ ይደመሩ፤ መኪናው በአምስተኛው ዓመት ሊሸጥ የሚችልበት ዋጋ ይቀነስ፤ ውጤቱ ለሚነዳው ማይል ይካፈል። ኢንሹራንሱን ከመግዛት በፊት ለሁለቱም መኪኖች ማስገመት ምንም አያስከፍልም። ብድሩንም ወደ ዲለሩ ከመሄድ በፊት ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ማስፈቀድ ለመደራደር አቅም ይሰጣል።

የቤንዚን መኪና የሚነዳ ሾፌር ወደ ሃይብሪድ ይሻገር፤ ትልቁ ትርፍ እዚያ ነው። ከተሻገረ በኋላ ግን በ50 እና በ57 ማይል መካከል አይጨነቅ፤ አነስተኛ ወለድ፣ የተሻለ ዋራንቲና ጭማሪ የሌለበት ዋጋ የሚያገኝበትን ይግዛ።