ኦሌድ ቴሌቪዥንን ለሳሎን ማስተካከል፤ ምኑ ይነካ? ምኑ ይተው?

በአሁኑ ጊዜ ኦሌድ የሚባለው የቴሌቪዥን ዓይነት በዋጋውም በምስል ጥራቱም ከፍ ካሉት ውስጥ እንደሚመደብ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ዕቃውን ከካርቶን አውጥቶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ቻናል ካስገባ በኋላ የምስል ሴቲንጉን ዳግም አይከፍተውም። የሚከፍተውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ "ትንሽ ደመቅ ይበል" እያለ ቁጥሩን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው ማስተካከያ ምን እንደሚሠራ፣ በምን ቅደም ተከተል መነካት እንዳለበት፣ እንዲሁም በኦሌድ ላይ የብርሃን ምርጫችን ከምስሉ አልፎ የዕቃውን ዕድሜ እንዴት እንደሚነካ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የምጠቅሳቸው በብዛት የሚገኙትን የኤልጂን፣ የሶኒንና የሳምሰንግን ሜኑዎች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ኦሌድ ምንድን ነው?

በክፍል ውስጥ ስለ ኤልኢዲ ስንማር ኤሌክትሮንና ሆል ሲገናኙ ብርሃን እንደሚወጣ አይተናል። ኦሌድም መሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ ብርሃን የሚሰጠው ክፍል ከካርቦን ውህዶች የተሠራ በጣም ስስ ንጣፍ መሆኑ ነው። በ1987 ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚበራ ባለ ሁለት ንጣፍ ኦሌድ ይፋ አደረጉ። ሶኒ በ2007 ባለ 11 ኢንች፣ ኤልጂ ደግሞ በ2013 ባለ 55 ኢንች ኦሌድ ቴሌቪዥን ለገበያ አቀረቡ።

ተራው ኤልሲዲ ቴሌቪዥን ከጀርባው መብራት አለው፤ ፒክስሎቹ እንደ መጋረጃ እየተከፈቱና እየተዘጉ ያንን ብርሃን ያሳልፋሉ። ጥቁር ሲፈለግ መጋረጃው ይዘጋል እንጂ መብራቱ አይጠፋም፤ ስለዚህ ትንሽ ብርሃን ያመልጣል። ኦሌድ ላይ ግን 3,840 በ2,160፣ ማለትም 8.3 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ፒክስሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መብራት ናቸው። እዚህ ላይ ጥቁር ማለት መጥፋት ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጥቁሩን ያበላሸ ሰው ብዙ ገንዘብ የከፈለበትን ነገር አበላሸ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ፒክስል በበራበት መጠንና ሰዓት ልክ ለብቻው ያረጃል። የሚቀጥሉት ነጥቦች በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ጋር የተያያዙ ናቸው።

መጀመሪያ ሞዱን መምረጥ

ቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ ከጎኑ ከተደረደሩት ጋር ይፎካከራል። ሱቁ በመብራት የተሞላ ነው፤ ገዢውም ቆሞ የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። "ቪቪድ" የሚባለው ሞድ የሚያገለግለው ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ነው፤ ነጩን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ቀለሙን ያጋንናል፣ ጠርዙን ያሰላል። ሳሎን ግን ሱቅ አይደለም። ማታ ላይ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ይኼ ሁሉ ዓይን ያደክማል።

ስለዚህ ቁጥር ከመንካት በፊት ሞዱን መቀየር ያስፈልጋል። በ2019 ዩኤችዲ አሊያንስ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር "ፊልም ሜከር ሞድ" የሚባለውን ይፋ አድርጓል። ይህ ሞድ ተጨማሪ ማሳመሪያዎችን አጥፍቶ ምስሉን ፊልሙ በተሠራበት ልክ ለማሳየት ይሞክራል። በኤልጂና በሳምሰንግ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ይገኛል። እሱ ከሌለ "ሲኒማ" ወይም "ሙቪ" የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ይህን ብቻ የሠራ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሌላው ነገር፣ ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ሲከፈት "ሆም" ወይስ "ስቶር" ብሎ ይጠይቃል። "ስቶር" ከተባለ በብዙ ሞዴሎች ላይ ያስተካከልነው ሁሉ ተመልሶ ወደ ሱቅ አቀማመጥ ይሄዳል። "ያስተካከልኩት አልቀመጥ አለኝ" የሚል ሰው በቅድሚያ ይህን ይመልከት።

"ብራይትነስ" አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በኤልጂ ሜኑ "ኦሌድ ፒክስል ብራይትነስ" (በቀድሞዎቹ "ኦሌድ ላይት") የሚለው የፓነሉን የብርሃን ኃይል ይወስናል። ለብቻው የሚገኘው "ብራይትነስ"፣ "ስክሪን ብራይትነስ" ወይም "ብላክ ሌቭል" ግን ጥቁሩ ከየት እንደሚጀምር የሚወስን ነው። በሶኒ ደግሞ "ብራይትነስ" ማለት የብርሃን ኃይል ሲሆን ጥቁሩን የሚወስነው "ብላክ ሌቭል" ነው። በሳምሰንግ ኦሌዶችም "ብራይትነስ" የብርሃን ኃይል ነው፤ የጨለማውን ክፍል የሚነካው "ሻዶው ዲቴይል" ይባላል። ታዲያ ጓደኛችን "ብራይትነሱን 50 አድርገው" ቢለን የትኛውን ብራይትነስ ማለቱ ነው?

ስሙን ትቶ ሥራውን መፈተሽ ይሻላል። አንድ ጨለማና ብርሃን ያለበት ምስል አቁማችሁ ቁጥሩን ዝቅ አድርጉት። ነጩ ደብዝዞ የጨለማው ክፍል ዝርዝር ካልጠፋ የነካችሁት የብርሃን ኃይሉን ነው። ነጩ ብዙም ሳይለወጥ የጨለማው ክፍል ከተዋጠ ግን የነካችሁት ጥቁሩን ነው።

የብርሃን ኃይሉ በክፍሉ ይወሰናል። ለተራ ስርጭት በደብዛዛ ስቱዲዮ ውስጥ ነጭ የሚለካው 100 ካንዴላ በካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ ነው። መጋረጃ ተከፍቶ ቀን ላይ ለሚያይ ሰው ግን ይህ አይበቃውም፤ ከፍ ማድረግ ይችላል። ጥሩው ዘዴ አንዱን ሞድ ለቀን፣ ሌላውን ለማታ አድርጎ ሁለት ማዘጋጀት ነው። በሥራው ጊዜ ኃይል ቆጣቢውን እና የክፍሉን ብርሃን እያየ ራሱ የሚቀያይረውን ሴንሰር ማጥፋት ግድ ነው፤ አለበለዚያ በሚወዛወዝ ሚዛን ላይ እንደ መመዘን ይሆናል። ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን ብርሃኑ ራሱ በራሱ ቀነስ ቢል ግን ብልሽት አይደለም፤ ፓነሉ የሚፈጀውን ኃይል ለመገደብ የሚያደርገው ነው።

ጥቁርና ነጭን መፈተሽ

ጥቁሩን የሚወስነውን ቁጥር ፋብሪካው ካስቀመጠበት ብዙ ማራቅ አያስፈልግም። ከፍ ካለ መጥፋት የነበረባቸው ፒክስሎች ይበሩና ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ኦሌድ የተገዛበት ምክንያት እዚያው ቀረ ማለት ነው። ዝቅ ካለ ደግሞ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ኮሌታውና ኪሱ አይለይም።

ለነጩ "ኮንትራስት" የሚለው ነው። እዚህ ላይ በደንብ የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ ካለ ጥሩ መሞከሪያ ነው። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ነጭ ቢሆኑም የሽመናው ክርና እጥፋቱ መታየት አለበት። ኮንትራስቱ ሲበዛ ልብሱ ወረቀት ይመስላል። የሽመናው ዝርዝር እስኪመለስ ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። መጀመሪያውኑ ካሜራው ያቃጠለው ነጭ ግን በማንኛውም ሴቲንግ አይመለስም።

ሪሲቨር የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከት። ሪሲቨሮች የራሳቸው ብራይትነስና ኮንትራስት ሊኖራቸው ይችላል፤ መጀመሪያ እነዚያ ፋብሪካው ወዳስቀመጠበት ይመለሱ። ከዚህም ሌላ በቪዲዮ ውስጥ ጥቁር 16፣ ነጭ 235 ተብሎ ሲላክ ኮምፒውተር ደግሞ 0 እና 255 ሊልክ ይችላል። ላኪውና ተቀባዩ ካልተስማሙ ምስሉ ወይ ይታጠባል ወይ ይጨልማል። ይህን የሚያስታርቀው "ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል" ወይም "ቪዲዮ ሬንጅ" የሚለው ሲሆን በአብዛኛው "ኦቶ" ላይ መተው ይበቃል።

የሰው ፊት ትልቁ መመዘኛ

በእኔ አስተያየት ለእኛ ቤት ከሁሉ የሚበልጠው መመዘኛ የሰው ፊት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ በምስሉ ውስጥ የሚያርፈው በመካከለኛውና በጨለማው ክፍል አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ሲዋጥ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የእኛ ፊት ነው፤ በጥላ በኩል ያለው ጉንጭ፣ አንገትና ፀጉር ተደባልቀው አንድ ይሆናሉ። ነጩ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ደግሞ ጠይም ፊት አመድ የነካው ይመስላል። ይህን ለማካካስ "ከለር" የሚለውን ከፍ ብናደርግ ፊቱ እንደ ሸክላ ይቀላል እንጂ አይስተካከልም። ምክንያቱም ችግሩ ከቀለም መጠን ሳይሆን ከነጩ ነው።

ነጩን የሚወስነው "ከለር ቴምፕሬቸር" ነው። ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙበት ስታንዳርድ ነጭ ዲ65 ይባላል፤ ወደ 6,500 ኬልቪን ገደማ ነው። በቴሌቪዥን ላይ ለዚህ የሚቀርበው "ዋርም" የሚለው ወገን ነው፤ ለምሳሌ በኤልጂ "ዋርም 50"፣ በሳምሰንግ "ዋርም 2"፣ በሶኒ "ኤክስፐርት 1"። መጀመሪያ ሲታይ ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ቤተሰብም "ኧረ ምን አደረግከው?" ማለቱ አይቀርም። ዓይን ሰማያዊውን ነጭ ስለለመደ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ታግሶ ከዚያ ወደ ቀድሞው መልሶ ማወዳደር ነው፤ ያን ጊዜ ቀድሞ "ነጭ" ያልነው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የየጣቢያው ካሜራና የስቱዲዮ መብራት ይለያያል። ለአንድ ፕሮግራም ብሎ ቀለም ማስተካከል ሌላውን ማበላሸት ስለሚሆን የተለያዩ ሦስት አራት ፕሮግራሞችን አይቶ መወሰን ይገባል።

ሻርፕነስና እንቅስቃሴ

"ሻርፕነስ" በምስሉ ውስጥ ያልነበረ ዝርዝር አይፈጥርም። የሚያደርገው በጠርዞች ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር መጨመር ነው። ጽሑፍ ያለበት ስክሪን ላይ ፊደሎቹን ቀረብ ብሎ በማየት ያ መስመር እስኪጠፋ ዝቅ ማድረግ ነው።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። የ120 ኸርዝ ስክሪን እያንዳንዱን አምስት ጊዜ ያሳየዋል። "ትሩሞሽን"፣ "ሞሽንፍሎው" ወዘተ የሚባሉት ግን በመካከል የሌሉ ምስሎችን ገምተው ይጨምራሉ፤ ፊልሙም የስቱዲዮ ድራማ መስሎ ይንሸራተታል። ለፊልም ማጥፋት ጥሩ ነው። ኦሌድ ከምስል ወደ ምስል የሚለወጠው እጅግ በፍጥነት ስለሆነ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር መንገጫገጭ ሊታይ ይችላል፤ ይህ የሚረብሸው ሰው ዝቅተኛውን ደረጃ ብቻ ቢጠቀም አይከፋም። ለኳስ ደግሞ የየሰው ምርጫ ነው።

ኤችዲአር ሲመጣ

ኤችዲአር ፊልም ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ወደ ሌላ የሴቲንግ ማኅደር ይገባል፤ ለተራው ያስተካከልነው እዚያ አይሠራም። በ2014 ስታንዳርድ የሆነው ፒኪው የተባለው ዘዴ እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ካንዴላ እንዲበራ ራሱ ሲግናሉ ይናገራል፤ ጣሪያው 10,000 ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የብርሃን ኃይሉን ፋብሪካው ባስቀመጠበት ከፍተኛ ቦታ መተው ይገባል። ሞዱን መርጦ፣ "ዋርም" መሆኑን አረጋግጦ፣ ሌላውን ዝም ማለት ነው።

ብርሃንና ዕድሜ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የኦሌድ ፒክስል በበራ ቁጥር ብርሃን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ይደክማል። ሁሉም እኩል ቢደክሙ ዓይን አያውቀውም ነበር። ችግሩ የጣቢያ ሎጎ ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ መቀመጡና የዜና ጽሑፍ ሁልጊዜ ከታች መሮጡ ነው። ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ጣቢያ ላይ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ፣ ያ ቦታ ከሌላው ቀድሞ አርጅቶ ጥላው ሊቀር ይችላል። ይህ አንዴ ከመጣ በሴቲንግ አይለቅም።

መከላከያው ቀላል ነው። የብርሃን ኃይሉን ከሚያስፈልገው በላይ አለማድረግ፣ "ስክሪን ሺፍት" ወይም "ፒክስል ሺፍት" የሚለውን አለማጥፋት፣ የሎጎ ብርሃን መቀነሻውን ማብራት፣ ለወሬ ድምፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮ መክፈት።

ከዚህም ሌላ በእኛ አገር ልዩ ትኩረት የሚፈልግ ልማድ አለ። ብዙ ቤተሰብ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳይቃጠል በመስጋት ቴሌቪዥን እንደጠፋ ወዲያው ከሶኬቱ ወይም ከስታብላይዘሩ ይነቅለዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ለምሳሌ የኤልጂ ኦሌዶች በድምሩ 4 ሰዓት ያህል ከታዩ በኋላ በሪሞት ሲጠፉ ስክሪናቸው ጨልሞ ሳለ ፒክስሎቹን ለክተው ልዩነታቸውን የሚያቻችል አጭር ሥራ ይሠራሉ። ሁልጊዜ ወዲያው የሚነቀል ቴሌቪዥን ይህን ዕድል አያገኝም። ስለዚህ በሪሞት አጥፍቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መንቀል ሁለቱንም ያስማማል። በሜኑው ውስጥ ያለውን "ፒክስል ሪፍሬሽ" ወይም "ፓነል ሪፍሬሽ" ግን ችግር ሳይታይ በእጅ ደጋግሞ ማሠራት አይመከርም።

በማጠቃለል

ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ቁጥሮችን መገልበጥ የተለመደ ነው። ሞዱንና የሚጠፉትን ነገሮች መቅዳት ይቻላል፤ የነጩን ዝርዝር ቁጥሮች ግን አይቻልም። ሁለት አንድ ዓይነት ቴሌቪዥኖች እንኳ ፓነላቸው በጥቂቱ ይለያያል፤ ያንን በትክክል ለማስተካከል የቀለም መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ያለ መሣሪያ የሚሠራው ግን ከላይ የተዘረዘረው ነው፤ ሞዱ፣ ከዚያ ሴንሰሩና ኃይል ቆጣቢው፣ የብርሃን ኃይሉ፣ ጥቁሩና ነጩ፣ "ዋርም"፣ በመጨረሻም ሻርፕነስና እንቅስቃሴ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ከመጀመራችሁ በፊት የነበሩትን ቁጥሮች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቤተሰብ ቅር ካለው መመለሻ ይሆናችኋል።