ባለቀዳዳው ቦርድ ይቅደም
በጎንቻ ሲሶ እነሴዋ ጉንደ ወይን ኤሌክትሮኒክስ መማር ለሚሻ ወጣት ከሁሉ በፊት ሊደርሰው የሚገባው ባለቀዳዳ ሁለገብ ሰርኪት ቦርድ ነው። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊ ሜትር የሚራራቁት የተለመዱት ባለሁለት ረድፍ አይሲዎች (የተቀናጁ ሰርኪቶች) እግሮች በዚሁ ልክ ስለሚሠሩ ነው። ከተበላሸ ሬድዮ የተነቀለ ሬዚስተርም እግሩ ታጥፎ ይገባል፤ ከጀርባ በኩል የመዳቡ ቀለበት ላይ ሶልደር ይደረጋል።

«ሶልደር የማይፈልገው ብሬድቦርድ ይቀላል» የሚሉ አሉ። ለሙከራ እውነት ነው፤ ሲነቀነቅ ግን ሽቦው ይላቀቃል። ፋብሪካ ያተመው ቦርድም ያምራል፤ ነገር ግን ለአንድ ንድፍ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ንድፉ ከተሳሳተ ብዙ ጊዜ ሌላ ማሳተም ግድ ይላል። ባለቀዳዳው ላይ የተሳሳተው ሽቦ ተነቅሎ ወዲያው ይስተካከላል። ጀማሪ የሚማረው ደግሞ ስህተቱን በገዛ እጁ ሲያርም ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ውድ ዕቃ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ በዚህ ይጀምሩ።