ሌላውን ቡድን ማየት፤ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር የቅኝት ሥራ



ሮቦት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሽቦው፣ ሞተሩና ባትሪው ነው። በውድድር ቀን ግን ሮቦቱ ተሠርቶ አልቋል፤ ያን ቀን የሚቀረው ትልቁ ሥራ ማየት ነው፤ የራስን ሳይሆን የሌላውን። ይህን ሥራ «ቅኝት»፣ የሚሠራውንም ተማሪ «ቃኚ» ብለነዋል። ቃሉ ጦር ሜዳ ይሸታል የሚል ካለ የተሻለ እስኪያመጣልን ድረስ በዚሁ እንቀጥላለን።

ስለ ቅኝት ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። ከመካከላችን ነገ ወደ መልካ ጀብዱና ወደ አካባቢው የሚመደብ አይጠፋም። እዚያ የሚያድግ ልጅ የኢንዱስትሪ ፓርኩን፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የነፃ ንግድ ቀጠና፣ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀውን ባቡር እያየ ነው የሚያድገው። ማሽን ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ አንደክምም። የሚያስቸግረው ዕቃው ነው። አንድ የሮቦት መሥሪያ ሣጥን ለሠላሳ ልጆች ይደርሳል እንበል። አምስቱ ዕቃውን ይነካሉ፤ ሃያ አምስቱ ከኋላ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ክበቡ ውስጥ የሉም። ቅኝት ግን የሚፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና የነቃ ዐይን ነው። ያውም የማስመሰያ ሥራ አይደለም፤ ውድድሩን የሚወስን ሥራ ነው።

እንዴት እንደሚወስን ለማየት የውድድሩን አካሄድ ማወቅ ይገባል። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመው «ፈርስት» የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን የሮቦት ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሲያካሂድ የቀረቡት 28 ቡድኖች ነበሩ። ከዚያው የተወለደው «ፈርስት ግሎባል» ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ከየአገሩ አንድ አንድ ቡድን እየጠራ ያወዳድራል። መጀመሪያ በዋሽንግተን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሜክሲኮ ሲቲን፣ ዱባይን፣ ጄኔቫን፣ ሲንጋፖርንና አቴንስን አዳርሷል። የኢትዮጵያ ተማሪዎችም ተሳትፈውበታል።

በእነዚህ ውድድሮች አንድ ቡድን ብቻውን አይጫወትም። ሦስት ሮቦቶች በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላ ወገን ሆነው ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፋለማሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ በመጀመሪያው ዙር የሚወስነው ዕጣ ነው፤ ጠዋት የገጠመህ ከሰዓት በኋላ አጋርህ ሊሆን ይችላል። በፈርስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር በተለመደው አሠራር ከማጣሪያው በኋላ ስምንት መሪ ቡድኖች በሕዝብ ፊት እየቆሙ አጋሮቻቸውን ይመርጣሉ። መጀመሪያ ከአንደኛው እስከ ስምንተኛው፣ ቀጥሎ ከስምንተኛው ወደ አንደኛው። ሦስት ሦስት ሲሆኑ ሃያ አራት ቡድኖች ማለት ነው። ጥሩዎቹን ሦስት አራት ቡድኖች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ አዳራሹ ያጨበጨበላቸው ናቸው። ሃያኛውን ማን ያውቀዋል? ቅኝት ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

እግር ኳስ ለምናውቅ ነገሩ ከነጭራሹ እንግዳ አይደለም። አገራችን በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም. 10ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ የናይጄሪያ፣ የሞሮኮ፣ የዛየርና የሱዳን ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ነበር። ሞሮኮና ናይጄሪያ ድሬዳዋ ላይ ተገናኝተው፣ ሁለቱም አልፈው፣ አዲስ አበባ ላይ በመጨረሻው ዙር እንደገና ተገናኙ፤ ዋንጫውንም ሞሮኮ ወሰደች። በመጀመሪያው ጨዋታ ያየውን ለሁለተኛው የማያስብበት አሠልጣኝ ይኖራል ብለን አናምንም። ልዩነቱ፣ በኳስ የምንሰልለው ባላጋራን ነው፤ በሮቦት ውድድር ግን የምናየው ቡድን ነገ ትከሻ ለትከሻ የምንቆመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድክመቱን ብቻ የሚለቅም ቃኚ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

እስቲ አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ነጥብ የሦስት ሮቦት ድምር ነው። አንዱ ሠርቶ ሁለቱ ሲንቀዋለሉ ውለው ይሆናል፤ ሰሌዳው ግን ለሦስቱም እኩል ይሰጣል። ስለዚህ ዋናው ደንብ አንድ ቃኚ ለአንድ ሮቦት ነው። ስድስት ሮቦት፣ ስድስት ተማሪ። ቃኚው ጨዋታውን አያይም፤ ጭብጨባ ቢነሣ ዞር አይልም፤ ዐይኑ የተሰጠው ሮቦት ላይ ብቻ ነው። ይህን መልመድ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የልጅ ዐይን ወደ ሞቀበት ነው የሚሮጠው። በዚያ ላይ ሰው ይደክማል። ሰዓት አልፎ ሰዓት ሲተካ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግምት ይሆናል፤ ስለዚህ ተለዋጭ ያስፈልጋል። ሃያ አምስቱ ልጆች ተገኙ ማለት ነው!

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? የማስተማር ልምምድ የወጣችሁ የክፍል ምልከታ ቅጽ ታውቃላችሁ። «መምህሩ ጥሩ ነው» ተብሎ የተሞላ ቅጽ ለማንም አይጠቅምም፤ «በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጥያቄ ጠየቀ፣ አምስቱን ለፊተኛው ረድፍ» የሚለው ግን ይጠቅማል። ሮቦቱም እንዲሁ ነው። ስንት ኳስ አነሣ፣ ስንቱን አስገባ፣ ስንቱን ጣለ፣ ስንት ጊዜ ቆመ፣ ስንት ሰከንድ ቆሞ ቀረ። አምስት ጭረት አንድ ጥቅል እያደረጉ መቁጠር በቂ ነው፤ ኮምፒዩተር ካለ እሰየው፣ ከሌለም ምንም አይጎድልም። ቅጹ ይሠራ እንደሆነ ለመፈተን ሁለት ተማሪ አንዱን ሮቦት ለየብቻ ይቁጠሩና ወረቀታቸው ይነጻጸር። ካልተስማሙ ልጆቹን ከመቆጣት በፊት ጥያቄውን እንመርምር፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአጻጻፉ ነው። «ጠንካራ መከላከል አለው?» የሚል ጥያቄ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይመልስለትም።

ቃኚ ባነሰበት ቦታ ሒሳብ ትንሽ ይረዳል። እንዲያቀልልን ሁለት ሁለት ሆነው ተጫወቱ እንበል። ሀ እና ለ አብረው 50 ነጥብ አገኙ፤ ለ እና ሐ 40፤ ሀ እና ሐ 30። ሦስቱን ብንደምር 120 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሁለቴ ስለተቆጠረ የሦስቱ ድምር 60 ነው። እንግዲህ ሐ 10፣ ሀ 20፣ ለ 30 ያመጣሉ ማለት ነው። የውድድር ቡድኖች ይህንኑ ዘዴ በብዙ ጨዋታ ላይ በኮምፒዩተር ይሠሩበታል። የሒሳብ መምህራን ለእኩልታ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ታመጣላችሁ? ነገር ግን ስሌቱ እያንዳንዱ ሮቦት ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ይሠራል ብሎ ይነሣል። ባላጋራን ሲያግድ የዋለ ሮቦት፣ ወይም ለአጋሩ መንገድ የለቀቀ፣ በዚህ ስሌት ሰነፍ ይመስላል። ይህን የሚያስተካክለው ዐይን ነው።

አማካይም ብቻውን ያታልላል። አንዱ ሮቦት በአምስት ጨዋታ 8፣ 8፣ 7፣ 8፣ 9 አስገባ፤ አማካዩ 8። ሌላው 20፣ 0፣ 18፣ 0፣ 7፤ አማካዩ 9። የቱን እንምረጥ? ብዙ ሰው ዘጠኙን ይላል። እኛ እንደ ሁኔታው ነው እንላለን። ራሳችን ጠንካራ ከሆንን የሚያስፈልገን የማያሳፍር ነው፤ ስምንቱን እንወስዳለን። ደካማ ከሆንንና ከበላያችን ያለውን መርታት ካለብን፣ ሃያ ያስገባውን ይዞ ዕድልን መሞከር ያዋጣል። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱ ዜሮዎች ከየት እንደመጡ መጠየቅ አለብን። የባትሪ ሽቦ እየተነቀለ ከሆነ በአንድ ማሰሪያ የሚድን በሽታ ነው!

መጠየቅ ካልን፣ ቃኚዎች ወደ ሌሎች ቡድኖች የሥራ ጠረጴዛ እየሄዱ ያነጋግራሉ። በድሬ ልጅ ወግ ከሆነ ይህ አያስቸግርም፤ «አቦ፣ እንዴት ዋላችሁ» ብሎ መጀመር ነው። «ስንት ታስቆጥራላችሁ?» ማለት ግን ከንቱ ጥያቄ ነው፤ ሰው የሚመልሰው ተስፋውን ነው። «ባለፈው ጨዋታ ምን አስቸገራችሁ?» ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ይፈቀድ፤ ተደብቆ ማዳመጥ ነውር ነው። ለብዙ ዓመት ከፈርስት ጋር የሠሩት፣ በ2019 ያረፉት የኤም አይ ቲ መምህር ውዲ ፍላወርስ ተወዳዳሪን አክብሮ አጥብቆ መወዳደርን የውድድሩ ባሕርይ አድርገው አስፋፍተውታል። ቅኝትና ስለላ የሚለዩትም በዚህ ነው፤ ቃኚ ያየውን ባለቤቱ ፊት ለመናገር አያፍርም።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ማለት እንፈልጋለን። አንዳንድ ቡድኖች «የማይመረጡ» የሚል ዝርዝር ይይዛሉ። ስለ ሮቦቱ ከሆነ ግድ የለም፤ ሦስት ጊዜ ሜዳ ላይ የቆመ ሮቦት ቆሟል። ስለ ልጆቹ ከሆነ ግን፣ «ፈዛዞች»፣ «የገጠር ልጆች ናቸው» ተብሎ ከተጻፈ፣ መምህሩ ወረቀቱን እዚያው ቀድዶ ልጁን እንደገና እንዲያይ ይላከው። እንዲህ ያለ ወረቀት መውደቁና መነበቡ አይቀርም። በዚያ ላይ ስሕተትም ነው። ከሩቅ ቀበሌ በአንድ ሣጥን ዕቃ የመጣ ቡድን ብዙ የሚያደርግ ሮቦት አይኖረው ይሆናል፤ አንዲቱን ነገር ግን በየጨዋታው ሳያዛንፍ ሊሠራ ይችላል። ሦስተኛ አጋር የሚፈልግ መሪ ቡድን የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ያ ነው። ያንን ቡድን የሚያስመርጠው ከጠዋት ጀምሮ ጭረቱን እየጫረ የተቀመጠ አንድ ልጅ ነው፤ ምናልባትም የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ።

ሮቦት በሌለበትም ልምምዱን መጀመር ይቻላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሜዳችን በሚደረገው የክፍሎች የኳስ ጨዋታ ላይ ስድስት ሠልጣኞች እያንዳንዳቸው አንድ ተጫዋች ይዘው የነካውን፣ ያቀበለውንና የተነጠቀውን ኳስ ይቆጥራሉ። ለአንዱ ተጫዋች ሁለት ቃኚ መድበናል፤ የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን። ባዶ ቅጾቹ ከዚህ ጋዜጣ ግርጌ በሚስማር ተሰቅለዋል፤ እርሳስ ይዛችሁ ኑ።